የዳክት ውስጥ አልትራቫዮሌትና «99.9 በመቶ» የሚለው ቁጥር

ለሕንፃ አየር ማናፈሻ በሚሸጡ የአልትራቫዮሌት መብራቶች ብሮሹር ላይ አንድ ቁጥር አይጠፋም፤ 99.9 በመቶ። መብራቱ በዳክቱ፣ ማለትም አየሩ በሚተላለፍበት የላሜራ ቦይ ውስጥ ከተገጠመ፣ በዚያ ከሚያልፈው ጀርም ከሺህ አንዱ ብቻ ይተርፋል ማለት ነው። ቁጥሩ ሐሰት ነው አልልም፤ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን ለየትኛው ጀርም፣ በምን ያህል የአየር ፍሰት፣ በምን ዓይነት ላሜራ በተሠራ ዳክትና መብራቱ ስንት ሰዓት ከሠራ በኋላ እንደ ሆነ ሳይገለጽ ብቻውን ይቀመጣል። ሥራዬ የአየር ማናፈሻ ሥርዓቶችን በኮምፒውተር ሞዴል ማስላት በመሆኑ ይህን ቁጥር የያዙ ሰነዶች ብዙ ጊዜ እጄ ይገባሉ። ስለዚህ ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ስሌት እንዴት እንደሚሠራና በየት በኩል እንደሚያሳስት በዝርዝር ለመጻፍ አሰብሁ።

ሐሳቡ ራሱ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ዊሊያም ፈርዝ ዌልስ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ በሳልና በማስነጠስ የሚወጡ ጠብታዎች በአየር ላይ ደርቀው እጅግ ከማነሳቸው የተነሣ ለረጅም ጊዜ ሊንሳፈፉ እንደሚችሉ አስረዱ፤ ይህን አየር በአልትራቫዮሌት ጨረር ማጽዳት እንደሚቻልም ተከራከሩ። ክርክሩን በማያሻማ መንገድ የዘጋው ግን ዌልስና ሐኪሙ ሪቻርድ ራይሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር በባልቲሞር ከተማ፣ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ውስጥ ያካሄዱት ሙከራ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ከተኙባቸው ስድስት ክፍሎች የሚወጣው አየር በዳክት ተስቦ፣ ጊኒ ፒግ የሚባሉት ትንንሽ እንስሳት ወደሚኖሩበት የሰገነት ክፍል እንዲደርስ ተደረገ። በኋለኛው የሙከራ ምዕራፍ አየሩ ለሁለት ተከፍሎ ለሁለት የእንስሳት ቡድኖች ሲላክ፣ ወደ አንደኛው ቡድን በሚሄደው ዳክት ውስጥ የአልትራቫዮሌት መብራት ተተከለ። በ1962 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ ያልተጣራውን አየር ከተነፈሱት እንስሳት በርካቶቹ በበሽታው ሲያዙ፣ በመብራቱ ያለፈውን ከተነፈሱት አንድም አልተያዘም።

ይህ ሙከራ ዳክት ውስጥ የገባ አልትራቫዮሌት እንደሚሠራ አረጋግጧል። ስንት ዋት፣ በምን ያህል የአየር ፍሰት፣ በየትኛው ቦታ ቢተከል እንደሚበቃ ግን ለእያንዳንዱ ሕንፃ ጊኒ ፒግ እያረቡ መፈተሽ ስለማይቻል፣ ጥያቄው ቀስ በቀስ ወደ ስሌት ተሸጋገረ።

የስሌቱ መሠረት እንደሚከተለው ነው። ዝቅተኛ ግፊት ያለው የሜርኩሪ መብራት አብዛኛውን ጨረሩን በ253.7 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያወጣል፤ ይህም ዲኤንኤ ጨረርን አጥብቆ ከሚውጥበት ከ260 ናኖ ሜትር አካባቢ ብዙ የራቀ አይደለም። ጨረሩን የዋጠው ዲኤንኤ ጎን ለጎን ያሉት የታይሚን አሃዶቹ እርስ በርሳቸው ይጣበቁና ተሕዋሱ መባዛት ያቅተዋል። የሚተርፈው ድርሻ ተሕዋሱ ከተቀበለው የጨረር መጠን፣ በሙያው አጠራር ከዶዙ ጋር በኤክስፖኔንሻል ሕግ ይወርዳል፤ አንድ ዶዝ ዘጠና በመቶውን ከገደለ፣ ያው ዶዝ ሲደገም ከቀሪው ላይ ደግሞ ዘጠና በመቶውን ይገድላል። ዶዝ የሚለካው በጁል በካሬ ሜትር ሲሆን፣ እያንዳንዱ ተሕዋስ ለጨረሩ ያለው ተጋላጭነት በአንድ ቋሚ ቁጥር ይገለጻል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ተሕዋሱ በቀላሉ ይሞታል።

ብዙ ሰው ወደ ከባድ ሶፍትዌር ከመሮጡ በፊት ሊያውቀው የሚገባ አንድ ቀላል ቀመር አለ። በዳክት ውስጥ የሚያልፈው አየር የሚያገኘው አማካይ ዶዝ፣ የመብራቱ የጨረር ኃይል በዋት፣ ጨረሩ ተውጦ እስኪጠፋ ድረስ በአየሩ ውስጥ በሚጓዘው አማካይ ርቀት ተባዝቶ፣ በሰከንድ ለሚያልፈው የአየር ይዘት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ከወረቀትና ከእርሳስ ሌላ የሚያስፈልገው ነገር የለም። እኔ ማንኛውንም የሲሙሌሽን ሪፖርት ሳነብ መጀመሪያ የማደርገው ይህን ስሌት መሥራት ነው፤ የሪፖርቱ አማካይ ዶዝ ከዚህ በእጅጉ ከራቀ፣ በቀለም ያሸበረቁትን ሥዕሎች ማየት አያስፈልገኝም።

በምሳሌ እንየው። ወርዱም ቁመቱም 0.6 ሜትር በሆነ ዳክት ውስጥ በሰከንድ 0.9 ኪዩቢክ ሜትር አየር ያልፋል እንበል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 2.5 ሜትር ይሆናል። በመሃሉ፣ በርዝመቱ አቅጣጫ የተጋደመ፣ 20 ዋት የአልትራቫዮሌት ጨረር የሚያወጣ መብራት አለ። ይህ 20 ዋት ከሶኬት የሚስበው የኤሌክትሪክ ኃይል አይደለም፤ ያ ሁለት እጥፍ ተኩል ወይም ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሁለቱን የሚያምታታ ሰነድ ከአንድ ጊዜ በላይ አጋጥሞኛል። ጨረሩ ከመብራቱ ተነሥቶ ግድግዳውን እስኪመታ በአማካይ 0.4 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ግድግዳው ምንም የማያንጸባርቅ ጥቁር ቢሆን አማካይ ዶዙ 8.9 ጁል በካሬ ሜትር ነው። የተጋላጭነት ቁጥሩ 0.1 የሆነ ተሕዋስ ብንወስድ፣ 59 በመቶው ይሞታል።

አሁን መብራቱን ሳንነካ ግድግዳውን ብቻ እንለውጥ። አዲስ ጋልቫናይዝድ ላሜራ የዚህን ጨረር ግማሽ ገደማ ያንጸባርቃል። የተንጸባረቀው ጨረር ከግድግዳ ወደ ግድግዳ በየጊዜው በአማካይ ሌላ 0.6 ሜትር እየተጓዘ፣ በየምቱም ግማሹን እያጣ ይቀጥላል፤ ሲደመር ጠቅላላ ጉዞው ወደ 1 ሜትር ያድግና ዶዙ 22 ጁል በካሬ ሜትር፣ የሚሞተውም 89 በመቶ ይሆናል። ሦስት አራተኛውን የሚያንጸባርቅ የአሉሚኒየም ልባስ ብናደርግበት ደግሞ ጉዞው 2.2 ሜትር፣ ዶዙ 49 ጁል በካሬ ሜትር፣ የሚሞተው 99 በመቶ ይደርሳል። አንድ መብራት፣ አንድ ዳክትና አንድ የአየር ፍሰት ይዘን ከ59 ወደ 99 በመቶ የወሰደን በሞዴሉ ውስጥ የገባ አንድ የግድግዳ ቁጥር ብቻ ነው። (ዳክቱ በሁለቱም በኩል ረጅምና ቀጥ ያለ ነው ብዬ ነው ያሰላሁት፤ መብራቱ አጠገብ ፊልተር ወይም ፋን ካለ ጨረሩን ስለሚውጠው ቁጥሩ ይወርዳል።) ስለዚህም በሪፖርት ውስጥ መጀመሪያ የምፈልገው የግድግዳው የማንጸባረቅ አቅም ስንት ተብሎ እንደ ተወሰደ ነው። ዓይን እዚህ ላይ አይታመንም፤ እንደ መስታወት የሚያበራ አይዝጌ ብረት ለ253.7 ናኖ ሜትር ጨረር ከተራ ጋልቫናይዝድ ላሜራ ያነሰ ያንጸባርቃል። በላሜራው ላይ የሚቀመጠው አቧራም በብሮሹሩ ውስጥ አይገኝም።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ስለ አማካይ ዶዝ ነው። ዋናው ችግር ያለውም በዚህ «አማካይ» ውስጥ ነው።

የኤክስፖኔንሻል ሕግ አማካይን አያከብርም። ከሚያልፈው አየር ግማሹ 35፣ ግማሹ ደግሞ 5 ጁል በካሬ ሜትር ተቀበለ እንበል። አማካዩ 20 ነው፤ የተጋላጭነት ቁጥሩ 0.1 ለሆነው ተሕዋስ ከአማካዩ ተነሥቶ ያሰላ ሰው 13.5 በመቶ ብቻ ይተርፋል ይላል። በእውነቱ ግን ጥቂት ጨረር ካገኘው ግማሽ 61 በመቶው፣ ብዙ ካገኘው ግማሽ 3 በመቶው ስለሚተርፍ በድምሩ የሚተርፈው 32 በመቶ ነው። ከእጥፍ በላይ ስህተት መጣ። የእኛ አገር ገበሬ የዓመቱን አማካይ ዝናብ ሰምቶ እንደማይዘራው ሁሉ፣ ጨረሩም ወሳኝ የሚሆነው በአከፋፈሉ ነው።

ብዙዎችን የሚያስገርመው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በቀላሉ የሚሞት ተሕዋስ፣ የተጋላጭነት ቁጥሩ 0.3 የሆነ ብንወስድ፣ ከአማካዩ የተሰላው የተራፊ ድርሻ 0.25 በመቶ ነው፤ ማለትም 99.75 በመቶ ይሞታል። ትክክለኛው ስሌት ግን 11 በመቶ ይተርፋል ይላል። የ45 እጥፍ ልዩነት ነው። ተሕዋሱ ደካማ በሆነ መጠን በደንብ የበራው አየር ለተራፊው ድርሻ የሚጨምረው ነገር እየጠፋ ይሄድና፣ የተራፊው ቁጥር ሙሉ በሙሉ የሚወሰነው በጨለማ ጥግ ሾልኮ በሚያልፈው አየር ይሆናል። በሌላ አነጋገር ብሮሹሩ እጅግ የሚኮራበት ቁጥር፣ አማካዩን የተከተለ ስሌት እጅግ የሚሳሳትበት ቁጥር ነው።

የኮምፒውተር ሞዴል ዋጋውን የሚያገኘውም እዚህ ላይ ነው፤ የዶዙን አከፋፈል ያሳየናልና። ከ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኮዋልስኪ፣ ባንፍሌዝና ባልደረቦቻቸው መብራቱን እንደ ሲሊንደር ወስደው፣ ከሙቀት ጨረር ሳይንስ በተወሰደ የጂኦሜትሪ ቀመር በዳክቱ ውስጥ ባለ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሚያርፈውን የጨረር ብርታት ያሰሉ ነበር። ይህ ዘዴ ለብርታቱ መልክዓ ምድር ጥሩ ነው፤ አየሩን ግን ወይ ፍጹም የተቀላቀለ ወይ ፈጽሞ የማይቀላቀል አድርጎ ከመውሰድ ሌላ አማራጭ አይሰጥም። ዛሬ በተለምዶ ሲኤፍዲ የሚባለው የፈሳሾች ፍሰት ስሌት ይህን ክፍተት ይሞላል። የአየሩ ፍሰት ይሰላል፣ የጨረሩ ብርታት በሌላ ስሌት ይገኛል፣ ከዚያም በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ምናባዊ ቅንጣቶች ከዳክቱ መግቢያ ተለቅቀው እያንዳንዳቸው በሄዱበት መንገድ ያገኙት ጨረር ይደመራል። እኔ የምጠቀመው ኦፕንፎም የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ፈቃድ ለመግዛት በዶላር ለማይከፍል ሰው ከበቂ በላይ ነው።

የሰዎችን ዓይን የሚስበው በዳክቱ ቁመት ላይ በቀይና በሰማያዊ የተቀባው ሥዕል ነው። እኔ ረዘም ላለ ጊዜ የማየው ግን የዶዙን ሂስቶግራም፣ ማለትም ስንት ቅንጣት ምን ያህል ዶዝ እንዳገኘ የሚያሳየውን ግራፍ ነው። ከመብራቱ ቀደም ብሎ ክርን የሆነ መታጠፊያ ባለበት ዳክት ላይ ሂስቶግራሙ ብዙ ጊዜ ሁለት ጉብታ ያወጣል። አየሩ በመታጠፊያው ላይ ከውስጠኛው ግድግዳ ተላቅቆ በውጭኛው በኩል ይፈጥናል፤ በውስጠኛው በኩል ደግሞ ዝግ ብሎ ይሽከረከራል። የሚሽከረከረው አየር መብራቱ ፊት ስለሚቆይ ከሚያስፈልገው በላይ ጨረር ይጠግባል፤ ይህ ነው የቀኙ ጉብታ። በግራ በኩል ያለው ጠባብ ጉብታ በውጭኛው ግድግዳ ማዕዘን ላይ ተጠግተው በፍጥነት ያለፉት ቅንጣቶች ናቸው። አንዱን ቅንጣት መርጬ መንገዱን ስከተለው፣ በሰከንድ ከአራት ሜትር በላይ እየበረረ፣ ከመብራቱ በሚቻለው ሁሉ ርቆ፣ አንድ ሜትር የሚሆነውን የበራ ስፍራ ከሩብ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጨርሶ ሲወጣ አየዋለሁ። መብራት ከመጨመር ይልቅ መብራቱን ከመታጠፊያው ጥቂት ሜትሮች ማራቅ፣ ወይም በመታጠፊያው ውስጥ አየሩን የሚመሩ የላሜራ ክንፎች ማስገባት፣ ይህን የግራ ጉብታ በብዙ ያሳንሰዋል።

በጨረሩ ስሌት በኩል ደጋግሞ የሚታይ አንድ ስህተት አለ። ጠፍጣፋ ዳሳሽ ከጎን የሚመጣን ጨረር አሳንሶ ይለካል፤ በአየር ላይ ያለ ቅንጣት ግን ክብ ስለ ሆነ ከየትኛውም አቅጣጫ የመጣውን እኩል ይቀበላል። በሞዴሉ ውስጥ የጠፍጣፋ ገጽን ብርታት ለቅንጣቱ የሰጠ ሰው፣ በተለይ ነጸብራቅ በበዛበት ዳክት ውስጥ፣ ዶዙን ከእውነታው አሳንሶ ያወጣል። ይህ ስህተት አማካዩን ከመጠቀም የሚመጣውን ስህተት በከፊል ሊሸፍን ስለሚችል፣ ሁለት ስህተት ያለበት ሪፖርት አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛ የሚመስል ቁጥር ይዞ ይመጣል።

ስለ መብራቱ ደግሞ አጠር አድርጌ ልናገር። የሜርኩሪ መብራት የጨረር ኃይሉ በመስታወቱ ላይ ባለው እጅግ ቀዝቃዛ ነጥብ ሙቀት ይወሰናል፤ ለተለመደው ዓይነት ምርጡ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ከማቀዝቀዣ ኮይል የወጣ ቀዝቃዛ አየር ሲነፍስበት ይቀንሳል፤ በተረጋጋና ሞቅ ባለ አየር ውስጥ የተለካውን የፋብሪካ ቁጥር ወደ ሞዴሉ ማስገባት ስለዚህ ስህተት ነው። መብራቱም ያረጃል፤ ብዙውን ጊዜ ከ9,000 ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ማለትም ሳይጠፋ ከሠራ በዓመቱ፣ እንዲቀየር ይመከራል። በምሳሌያችን ላይ ቅዝቃዜው ሩቡን፣ እርጅናው ከቀሪው 15 በመቶውን ቢወስድ፣ 20 ዋት የተባለው ወደ 13 ዋት ይወርድና 89 በመቶ የነበረው 76 በመቶ ይሆናል። መብራቱ ግን ያው ሰማያዊ ብርሃኑን ስለሚያሳይ፣ የጥገና ሠራተኛው በመስኮቱ አይቶ «ይሠራል» ብሎ ይመዘግባል።

የተጋላጭነት ቁጥሩም የራሱ ጣጣ አለው። በውኃ ውስጥ፣ በሳህን ላይ ባለ ማሳደጊያና በአየር ላይ የተለካው ቁጥር ለአንድ ዓይነት ተሕዋስ በብዙ እጥፍ ሊለያይ ይችላል፤ የአየሩ እርጥበትም ይቀይረዋል። በዚህ ምክንያት የመሣሪያዎች ፍተሻ የተለያየ ጽናት ያላቸውን ተሕዋስያን ይጠቀማል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ባደረጋቸው የዳክት መሣሪያዎች ፍተሻዎች ላይ በቀላሉ የሚሞተው ሴራሺያ ማርሴሰንስ የተባለው ባክቴሪያ፣ ጽኑ የሆነው የባሲለስ አትሮፊየስ ባክቴሪያ ስፖር (ጠንካራ ሽፋን ያለው የዕረፍት ቅርጹ) እና ኤምኤስ2 የተባለው ቫይረስ ጎን ለጎን ተለክተዋል። በብሮሹር ላይ የመጀመሪያው ብቻ ተጠቅሶ ከሆነ ምክንያቱን ለመገመት አይከብድም።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ፣ በአንድ ማለፊያ የሚሞተው በመቶኛ ራሱ ሁልጊዜ ትክክለኛው ጥያቄ አለመሆኑን መናገር ይኖርብኛል። በባልቲሞር ትክክለኛው ጥያቄ ነበር፤ እንስሳቱ የተነፈሱት አንዴ በመብራቱ ያለፈውን አየር ነውና። አየሩ ተመልሶ ወደዚያው አዳራሽ በሚገባበት ሕንፃ ግን የሚፈለገው በሰዓት ስንት ኪዩቢክ ሜትር ንጹሕ አየር ተገኘ የሚለው ነው። 800 ኪዩቢክ ሜትር የሚይዝ አዳራሽ የምሳሌያችን ዳክት ቢገጠምለት አየሩ በሰዓት አራት ጊዜ ያህል ይዞራል። 89 በመቶ የሚገድል መብራት በሰዓት 3.6 ጊዜ ንጹሕ አየር እንደ ማስገባት ይቆጠራል፤ 99 በመቶ የሚገድለው ደግሞ 4 ጊዜ። የመጨረሻዎቹን አሥር በመቶ ለማግኘት የአሉሚኒየም ልባስ ገዝተን ያገኘነው 0.4 ነው። ከዚያ በላይ እንዳናገኝ የሚከለክለን ፋኑ የሚያዞረው የአየር መጠን ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ልዩነት በግልጽ ይታያል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠረፍ ከተሞች በሩብ ገደማ ያንሳል። የዶዙ ቀመር የሚጠይቀው የአየሩን ይዘት እንጂ ክብደቱን ስላልሆነ፣ ፍሰቱ በሰከንድ 0.9 ኪዩቢክ ሜትር ሆኖ እስከ ቀጠለ ድረስ ከፍታው አማካዩን ዶዝ በቀጥታ አይነካውም፤ ስስ አየር መብራቱን የሚያቀዘቅዘው በመጠኑ ያነሰ ስለሆነ፣ እንዲያውም ጥቂት ሊጠቅም ይችላል። ነገር ግን ሙቀት የሚሸከመው የአየሩ ክብደት ነው። ያንኑ የማቀዝቀዝ ሥራ ለመሥራት መሐንዲሱ ፍሰቱን በሲሶ ገደማ ከፍ አድርጎ ወደ 1.2 ኪዩቢክ ሜትር በሰከንድ ያደርሰዋል። በዚህን ጊዜ ለባሕር ጠረፍ የተሰላው ሪፖርት አይሠራም፤ ዶዙ ከ22 ወደ 17 ጁል በካሬ ሜትር ግድም ይወርዳል፣ በአንድ ማለፊያ የሚሞተውም ከ89 ወደ 81 በመቶ። በብሮሹሩ መለኪያ ሥርዓቱ ተዳክሟል። አዳራሹ የሚያገኘው ንጹሕ አየር ግን በሰከንድ ከ0.80 ወደ 0.97 ኪዩቢክ ሜትር ከፍ ይላል።